ከመጽሐፍ ገጽ ወደ ግድግዳ የወጡ የቅርጽ ሥዕሎች

በዳንቴ «መለኮታዊ ኮሜዲ» ሲኦል ውስጥ የገዛ ራሱን በፀጉሩ ይዞ እንደ ፋኖስ እያንጠለጠለ የሚሄድ ሰው አለ። ቤርትራን ደ ቦርን ይባላል። በምድር ሳለ ልጅን ከአባቱ ጋር ስላጣላ፣ ቅጣቱ ራሱ ከአካሉ መለየት ሆነ። ዛሬ ይህን ሰው በዓይነ ኅሊናቸው የሚያዩ ሰዎች በአብዛኛው የሚያዩት ጉስታቭ ዶሬ በ1861 ፓሪስ ላይ ያሳተመውን ሥዕል ነው፤ ከእነሱም መካከል ግጥሙን ከፍተው የማያውቁ ጥቂቶች አይደሉም። ሥዕሉ ከመጽሐፉ ወጥቶ፣ መስታወትና ፍሬም ተበጅቶለት፣ በየሳሎኑና በየቢሮው ግድግዳ ላይ መሰቀል ከጀመረ ቆይቷል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእነዚህ የዶሬ ሥዕሎች ግርጌ፣ ጠጋ ብሎ ለሚያይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስሞች ይገኛሉ። አንዱ የዶሬ ነው። ሌላው ከብዙዎቹ ሥዕሎች ሥር የኤልዮዶር ፒዛን ስም ነው። የመጀመሪያው ሣለው፣ ሁለተኛው ቀረጸው። ገዢው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ይሁንና ዓይኑ የሚያርፍበት እያንዳንዱ መስመር የሁለተኛው የእጅ ሥራ ነው። ከሁለቱ ጀርባ ደግሞ ስሙ ከሥዕሉ ላይ የሌለ አሳታሚ አለ፤ ሥዕሉ ምን ያህል ትልቅ፣ ምን ያህል ጥቁር፣ በስንት ቅጂ እንደሚሆን ብዙውን ጊዜ የሚወስነው እሱ ነው። ከታላላቅ ድርሰቶች የተወለዱትን የቅርጽ ኅትመቶች በደንብ ለማወቅ ከመሣሪያውና ከገበያው መነሣት ያስፈልጋል።

ከቅርጽ ኅትመት መንገዶች ቀዳሚው የእንጨት ቅርጽ ነው። እንጨቱ እንደ ጣውላ በቁመቱ ተሰንጥቆ ይለሰልስና ሥዕሉ በላዩ ይነደፋል፤ ከዚያ ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት ቦታ ሁሉ በቢላዋና በመሮ ተፍቆ ይወጣል። ቀለም የሚቀባው ከፍ ብሎ የቀረው መስመር ብቻ ነው። አልብሬክት ዱረር በ1498 ኑረምበርግ ላይ ያሳተመው የዮሐንስ ራእይ በዚህ መንገድ የተሠራ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ሥዕላውያን መጻሕፍት ሁሉ በትልቅነቱ ሲመዘኑበት ኖረዋል። እንጨቱ እንደ ፊደል ብረት ከፍ ብሎ ስለሚታተም ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ማተሚያ፣ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ሥራው ርካሽ ነው፤ ሩቅም ይጓዛል። ምን ያህል ሩቅ እንደሚጓዝ ለማወቅ ጎንደርን መመልከት ይበቃል። በ1591 ሮም በሚገኘው የሜዲቺ ማተሚያ ቤት ዐረብኛ ወንጌል ታትሞ ነበር፤ ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶኒዮ ቴምፔስታ ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ በጎንደር የተጻፉ አንዳንድ የብራና ወንጌሎች የዚህን መጽሐፍ ሥዕሎች ትዕይንት በትዕይንት ተከትለዋል። የጎንደር ሠዓልያን ግን እንዳለ አልገለበጡትም፤ የጣልያኑን ጥቁርና ነጭ መስመር በራሳቸው ቀለም ሞሉት፣ ልብሱንና ፊቱን በራሳቸው ወግ ሣሉት። ሥዕል የራሱን ጽሑፍ ትቶ ሌላ ቋንቋ ውስጥ ሲገባ ከሚያሳዩ ምሳሌዎች ከዚህ የተሻለ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለተኛው መንገድ የመዳብ ቅርጽ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። ቀራጺው ቡሪን በሚባል ሹል ብረት የመዳቡን ሰሌዳ ይቦረቡራል። ቀለሙ የሚገባው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። የሰሌዳው ፊት ተጠርጎ ከጸዳ በኋላ እርጥብ ወረቀት ይለበስበትና በሁለት ከባድ ሲሊንደሮች መካከል ያልፋል፤ ወረቀቱም ተጨምቆ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ቀለሙን ይስባል። በዚህ ግፊት ምክንያት የሰሌዳው ጠርዝ በወረቀቱ ላይ አራት ማዕዘን ስርጉድ ምልክት ይተዋል፤ ይህ ምልክት እስከ ዛሬ የመዳብ ኅትመት መታወቂያ ነው። መዳብ ከእንጨት ይልቅ የረቀቀ መስመር፣ ከድምቀት ወደ ጥላ ቀስ ብሎ የሚወርድ ለውጥ ይሰጣል። ጉዳቱ ከፊደል ብረት ጋር አንድ ላይ መታተም አለመቻሉ ነው። ሥዕሉ በሌላ ማተሚያ፣ በሌላ ወረቀት ይታተምና በኋላ ከመጽሐፉ ጋር ይጠረዛል። ይህ የቴክኒክ ችግር ያልታሰበ ውጤት አመጣ፤ ከጀርባው ጽሑፍ የሌለበት፣ በራሱ ወረቀት ላይ የቆመ ሥዕል ሲገኝ ነጋዴው ከመጽሐፉ ለይቶ ለመሸጥ የሚያግደው ነገር አልነበረም።

ይህን ቀድሞ ከገባቸው ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ዊልያም ሆጋርት ነው። በ1726 የሳሙኤል በትለርን «ሁዲብራስ» የተባለ የስላቅ ግጥም መሠረት አድርጎ 12 ትልልቅ ሰሌዳዎችን ቀረጸ። ሥዕሎቹ ከመጽሐፍ ተለይተው በስብስብ የተሸጡ ናቸው፤ ገዢዎችም አስቀድመው ተመዝግበው ነበር። ሆጋርት ግን ሌላ ሰው ሥራውን ቀድቶ በርካሽ ሲሸጥበት ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም። እሱና የሙያ ጓደኞቹ ባደረጉት ግፊት በ1735 የእንግሊዝ ፓርላማ ለቅርጽ ሥዕሎች የ14 ዓመት የባለቤትነት መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ጥበቃ የሚፈልግ ባለቤት ስሙንና ኅትመቱ የወጣበትን ቀን በሰሌዳው ላይ እንዲቀርጽ ሕጉ ያዝዛል። በጥንት የእንግሊዝ ኅትመቶች ግርጌ የሚታየው የደቀቀ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ፍሬም ሠሪዎች ብዙ ጊዜ ለማማር ሲሉ በካርቶን ይሸፍኑታል፤ በዚህም የሥዕሉን የልደት ወረቀት ይሰውራሉ።

ድርሰትን ወደ ግድግዳ ለማውጣት ከሁሉ የገዘፈው ሙከራ የጆን ቦይደል ነው። ቦይደል ከቀራጺነት ተነሥቶ በኅትመት ንግድ የበለጸገ፣ በ1790 የለንደን ከንቲባ የሆነ ሰው ነበር። ከእሱ በፊት እንግሊዝ የቅርጽ ሥዕል የምታስመጣው ከፈረንሳይ ነበር፤ እሱ ንግዱን ገልብጦ ወደ አውሮፓ ላኪ አደረጋት። በ1786 መጨረሻ፣ በወንድሙ ልጅ በጆሳያ ቤት በተደረገ እራት ላይ፣ የሼክስፒርን ተውኔቶች በአገሪቱ ታላላቅ ሠዓልያን የማሣል ሐሳብ ተነሣ። ጆሽዋ ሬይኖልድስ፣ ቤንጃሚን ዌስት፣ ጆርጅ ሮምኒ፣ ሄንሪ ፉዝሊና አንጀሊካ ካውፍማን ከተቀጠሩት መካከል ነበሩ። ግንቦት 4 ቀን 1789 በለንደን ፓል ማል ጎዳና የሼክስፒር ጋለሪ በ34 የቅብ ሥዕሎች ተከፈተ፤ ቁጥራቸው በኋላ ከ150 አለፈ።

ይሁንና ቅቦቹ የንግዱ ዋና ዕቃ አልነበሩም። ሰው ወደ ጋለሪው ገብቶ ሥዕሉን ያያል፣ ይደነቃል፣ ከዚያ የቅርጽ ኅትመቱን ለመግዛት ይመዘገባል፤ ዕቅዱ ይህ ነበር። ለገዢው የቀረቡት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ትልልቅ ለብቻቸው የቆሙ ኅትመቶችና በሥዕል ያጌጠ የሼክስፒር ሥራዎች እትም። የዕቅዱ ድካም ያለው በቀራጺዎቹ ወንበር ላይ ነበር። አንድን ትልቅ ቅብ በንጹሕ መስመር ወደ መዳብ ማዛወር ዓመታትን ይጠይቃል፤ ገዢ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። ቦይደል ስለዚህ ሥራው እንዲፋጠን መስመርን በነጠብጣብ መተካትን ፈቀደ። ነጠብጣብ ለቆዳና ለጉንጭ ልስላሴ ይሰጣል፣ ለጨርቅና ለድንጋይ ግን ጉልበት ያንሰዋል። ብዙ ገንዘብ የከፈሉ ተመዝጋቢዎች የሚጠብቁትን ባለማግኘታቸው አጉረመረሙ፤ ማጉረምረማቸውም ተገቢ ነበር። ጀምስ ጊልሬይ የተባለው የስላቅ ሠዓሊ ገና ጋለሪው በተከፈተበት ዓመት ቦይደልን ሼክስፒርን ለገንዘብ ሲሠዋ አድርጎ ሣለው።

የመጨረሻውን ምት የሰጠው ጦርነት ነው። ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውጊያ የአውሮፓ ገበያ ተዘጋ፤ ቦይደል በዕዳ ተዘፈቀ። በ1804 ፓርላማ በሎተሪ ንብረቱን እንዲሸጥ ፈቀደለትና 22,000 ትኬቶች ወጡ። ሽማግሌው ግን ዕጣው ሳይወጣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሞተ። ጋለሪው በጥር 1805 ለዊልያም ታሲ ደረሰው፤ እሱም በዚያው ዓመት ቅቦቹን በክሪስቲ ጨረታ ሸጣቸው። ብዙዎቹ ተበትነው ጠፉ። ዛሬ ከእነዚያ ቅቦች የበዙት የሚታወቁት በኅትመታቸው ነው። ቀራጺዎቹን በችኮላ የወቀሰ ሰው ይህን ማስታወስ ይኖርበታል፤ ያ ፈጣን ነጠብጣብ ባይኖር ኖሮ ከሼክስፒር ጋለሪ እጅግ ያነሰ ነገር በቀረን ነበር።

ከቦይደል ሠዓልያን አንዱ የነበረው ሮበርት ስመርክ በዚያው በ1805 ሌላ ሥራ ይዞ ወጣ። የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ»፣ በ1759 የተጻፈው የአቢሲንያ መስፍን ታሪክ፣ በስመርክ ሥዕልና በአብርሃም ሬምባክ የመዳብ ቅርጽ ተውቦ ለንደን ላይ ታተመ። ጆንሰን በወጣትነቱ የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ ከመመለሱ በቀር አገሩን አያውቅም፤ በቅርጹ ላይ የምትታየውም አቢሲንያ ለንደን ውስጥ የታለመች ናት። እንዲህ ያሉ ኅትመቶች ስለ ኢትዮጵያ ማስረጃ ሆነው ባይቀርቡም፣ አውሮፓዊው አንባቢ ሩቅ አገርን በምን ዓይን ሲያነብ እንደነበር ያስረዳሉ።

በመዳብና በብረት ሰሌዳ ላይ ከተሠሩት መካከል ጆን ማርቲን ለሚልተን «የጠፋችው ገነት» ያዘጋጃቸው ጥቁር ሥዕሎች የተለየ ስፍራ አላቸው። ሴፕቲመስ ፕራውት የተባለ አሳታሚ ለ24 ሰሌዳዎች ጊኒ በሚባለው የእንግሊዝ ገንዘብ 2,000፣ ለዚያው ስብስብ አነስተኛ መጠን ደግሞ 1,500 ጊኒ ከፈለው፤ ከ1825 እስከ 1827 ባለው ጊዜም ታተሙ። ማርቲን የተጠቀመው ሜዞቲንት የሚባለውን ዘዴ ነው። የሰሌዳው ፊት በሙሉ በጥርሳም ብረት ይሻክርና ቢታተም ድቅድቅ ጥቁር እስኪሆን ይዘጋጃል፤ ሠዓሊው ከዚያ እየፋቀና እያለሰለሰ ብርሃንን ያወጣል። ከጨለማ ተነሥቶ ወደ ብርሃን የሚሄድ ዘዴ ለሲኦል ትዕይንት የተሠራ ይመስላል። ማርቲን ደግሞ ሌላ ቀራጺ ሳያስገባ በቀጥታ በሰሌዳው ላይ ሠራ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሣለውና የቀረጸው አንድ እጅ የሆነበት ብርቅ አጋጣሚ ነው።

ወደ ዶሬ የሚያደርሰው ሦስተኛው መንገድ የተከፈተው ግን ከለንደን ርቃ በምትገኘው በኒውካስል ነው። ቶማስ ቢዊክ የብረት ቀራጺ ሆኖ የሠለጠነ ሰው ሲሆን፣ የብረቱን ቡሪን ወደ እንጨት አዛወረ። እንጨቱም ተለወጠ፤ በቁመቱ የተሰነጠቀ ጣውላ ቀርቶ፣ ቡክሰስ ከሚባል እጅግ ጠንካራ ዛፍ ግንድ አግድም የተቆረጠ ገጽ ሆነ። በዚህ ገጽ ላይ እንደ ጣውላው የሚጎትት ክር ስለሌለ ቡሪኑ በፈለገው አቅጣጫ ይሄዳል። በ1790 የወጣው የቢዊክ የአራት እግር እንስሳት መጽሐፍ እንጨት ከመዳብ ጋር በረቂቅነት ሊፎካከር እንደሚችል አሳየ፤ ሥዕሉም ወደ 23 ሚሊሜትር ከፍታ ካለው የፊደል ብረት ጋር እኩል ሆኖ በአንድ ማተሚያ ወጣ። የቡክሰስ ግንድ ቀጭን በመሆኑ ትልቅ ሥዕል ሲፈለግ ቁራጮች በብሎን ይጋጠማሉ። በ1842 የተመሠረተው «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ጋዜጣ ይህን ወደ ፋብሪካ ሥራ ለወጠው፤ አንድ ሥዕል ተበታትኖ ለብዙ ቀራጺዎች ይታደላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይገጠማል።

ጉስታቭ ዶሬ ያደገው በዚህ ፋብሪካ ዘመን ነው። በ1832 ስትራስቡርግ ተወለደ፤ በ15 ዓመቱ በፓሪስ የስላቅ ጋዜጣ ላይ ይሠራ ነበር፤ በ1854 የራብሌን ሥራዎች ሣለ። ከዚያ በኋላ ያሰበው ነገር ለወጣት ድፍረት ነበር፤ ዳንቴን፣ ሰርቫንቴስን፣ ሚልተንን፣ ሼክስፒርንና ሌሎችንም የዓለም ታላላቅ ደራስያን በአንድ ዓይነት ትልቅ መጠን በተከታታይ ማሣል። የአሼት ማተሚያ ቤት በ100 ፍራንክ የሚሸጥ መጽሐፍ ገዢ አያገኝም ብሎ ፈራ። ዶሬ የዳንቴን «ሲኦል» ወጪ ከኪሱ ሸፈነ። መጽሐፉ በ1861 ከ75 ያህል ባለ ሙሉ ገጽ ሥዕሎች ጋር ወጣና ወዲያው ተሸጠ፤ አሼት ከዚያ በኋላ አላመነታም። በ1863 «ዶን ኪሾት» ከ370 በላይ ሥዕሎች ይዞ ወጣ። በ1866 በቱር ከተማ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በለንደን ደግሞ የሚልተን ግጥም ተከተሉ። የዳንቴ ቀሪ ክፍሎች በ1868 ታተሙ።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው እንዴት ሠራው ቢባል፣ አንድ ሰው አልሠራውም። ዶሬ በብሩሽና በቀለም ውኃ፣ ድምቀቱንም በነጭ ጉዋሽ፣ በቀጥታ በእንጨቱ ላይ ይሥላል። እዚያ ላይ መስመር የለም፤ ያለው የግራጫ ዓይነት ብቻ ነው። ፒዛን፣ ፓንማከር፣ ዦናር፣ ጉስማንና ሌሎች ባልደረቦቻቸው እያንዳንዱን ግራጫ በስንት መስመር፣ በምን ስፋት፣ በየት አቅጣጫ እንደሚተረጉሙት ራሳቸው ይወስናሉ። ሰማይ አግድም መስመር ይሆናል፤ ቋጥኝ ተሰባሪ፣ ሥጋ ደግሞ የጡንቻውን ጉብታ የሚከተል ክብ መስመር ይሆናል። ቀራጺው ሥራውን ሲጨርስ የዶሬ የመጀመሪያ ሥዕል የለም፤ በቡሪኑ ሥር አልቋል። ብዙዎቹ የዶሬ ሥዕሎች «ዋናው ቅጂ» ተብሎ የሚፈለግ ነገር የሌላቸው ለዚህ ነው። በኋላ ፎቶግራፍን በእንጨት ላይ ማተም ሲቻል ንድፉን ማትረፍ ተቻለ።

ቡሪን የነካው ሁሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ያልተነካው ጥቁር ነው። ስለዚህ ቀራጺው ልክ እንደ ማርቲን ከጨለማ ውስጥ ብርሃንን ነው የሚያወጣው። «ሲኦል» ከሌሎቹ የዶሬ መጻሕፍት የሚበልጠው በዚህ ይመስላል፤ የድርሰቱ ዓለምና የመሣሪያው ባሕርይ ተገናኙ። ከሚነደው መቃብር ግማሽ አካሉን ያወጣው ፋሪናታ፣ በነፋስ የሚነዱት ፓኦሎና ፍራንቼስካ፣ በበረዶ ውስጥ የተቀበረው ሉሲፈር ሁሉም ከጥቁሩ ነው የሚፈልቁት። የዳንቴ «ገነት» ላይ ሲደርስ ዘዴው ይደክማል፤ ብርሃንን በብርሃን ላይ መሣል ለጥቁር ቀለም ከባድ ነው። እልፍ መላእክት እንደ ነጭ ጽጌረዳ የሚዞሩበት ትዕይንት ብቻ ከዚህ ድካም ያመለጠ ሲሆን፣ ዛሬ በፍሬም ከሚሸጡት መካከል ግንባር ቀደም ነው። ዶሬ ለእንግሊዛዊው ባለቅኔ ለቴኒሰን ግጥሞች ያዘጋጃቸው ሥዕሎች ደግሞ በእንጨት ሳይሆን በብረት ሰሌዳ ላይ የተቀረጹ ናቸው፤ ጥርት ያሉ ግን የቀዘቀዙ ሆኑ።

«ዶን ኪሾት» ውስጥ ዶሬ ያደረገው ሌላ ነው። በመክፈቻው ሥዕል ባላባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ይዟል፤ በዙሪያው ያነበባቸው ፈረሰኞች፣ ዘንዶዎችና ወይዛዝርት ክፍሉን ሞልተው ይንሳፈፋሉ። ረጅምና ከሲታው ጌታ፣ አጭርና ወፍራሙ አሽከር፣ አንድ ፈረስና አንድ አህያ ከዚያ ወዲህ በመድረክም በፊልምም ከዶሬ ጥላ መውጣት አልቻሉም። ይህኛው ስብስብ ግን ሲበታተን ይጎዳል። የሰርቫንቴስ ቀልድ በቅደም ተከተል የሚሠራ ነው፤ ባላባቱ ከነፋስ ወፍጮው ጋር ሲጋጭ ያለውን ሥዕል ለብቻው የሰቀለ ሰው ውድቀቱን እንጂ ወደ ውድቀቱ ያደረሰውን ወሬ አያይም።

እንጨቱ ራሱ ለብዙ ሺህ ቅጂ አይውልም ነበር። የቅርጹ ማህተም በሰም ወይም በመሰል ልስልስ ነገር ላይ ይወሰድና በግራፋይት ዱቄት ይቀባል፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ ኃይል የመዳብ ሽፋን እንዲያበቅል በኬሚካል ገንዳ ውስጥ ይገባል። የተገኘው ስስ መዳብ ጀርባው በእርሳስ ተሞልቶ ይታተማል። አሳታሚዎች እነዚህን የመዳብ ቅጂዎች አገር ለአገር ይሸጣሉ፤ የለንደኑ ካስል በ1866 የዳንቴን «ሲኦል» በእንግሊዝኛ ያወጣው በዚሁ መንገድ ከተገኙ ሥዕሎች ጋር ነው። ለንደን በኒው ቦንድ ጎዳና የዶሬን ሥራዎች ብቻ የሚያሳይ ጋለሪ እስከ መክፈት ደረሰች። ዶሬ ግን ሁልጊዜ አልቀናውም። ለኮልሪጅ የባሕረኛ ግጥም ራሱ ገንዘብ አውጥቶ በ1870ዎቹ አጋማሽ ያዘጋጀው መጽሐፍ፣ በረዶ ውስጥ የተጣበቀችው መርከብና በምሰሶው ላይ ያረፈው ወፍ ዛሬ እጅግ ቢወደዱም፣ ያኔ ወጪውን በቶሎ አልመለሰለትም። በጥር 1883 ሲሞት የሼክስፒር ዕቅዱ አላለቀም። ለኤድጋር አለን ፖ «ቁራው» የሣላቸው ሥዕሎች በአሜሪካውያን ቀራጺዎች ተሠርተው በ1884 ከሞቱ በኋላ ኒው ዮርክ ላይ ወጡ።

የሙያውም ዕድሜ ያን ጊዜ እያለቀ ነበር። ፎቶግራፍን ወደ ደቃቅ ነጥብ የሚለውጠው የሃፍቶን ዘዴ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ሲስፋፋ፣ ግራጫን በመስመር የሚተረጉሙት ቀራጺዎች እንጀራቸውን አጡ።

ዛሬ በፍሬም የሚሸጠው ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው በዘመኑ የታተመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተበተነ መጽሐፍ የወጣ ቅጠል ነው። አንድን ሙሉ መጽሐፍ በትኖ ሥዕሎቹን በየግል መሸጥ ለነጋዴው ያዋጣል፤ ዳግም የማይሰበሰብ ነገር ስለሚያጠፋ ግን በሙያው ውስጥ ሲወገዝ የኖረ ልማድ ነው። ሁለተኛው ከአሮጌ ሰሌዳ በኋላ ዘመን ዳግም የታተመ ነው፤ መዳብ ለስላሳ በመሆኑ በየኅትመቱ ይሟሽሻል፣ መስመሩም ይገረጣል። ሦስተኛውና እጅግ የበዛው ከቅኝት የተወሰደ የዘመናችን ቅጂ ነው። የዶሬና የእኩዮቹ የቅጂ መብት ካለቀ ረጅም ጊዜ ስለሆነ ማንም ሊያትማቸው ይችላል።

ሦስቱን ለመለየት አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። በእውነተኛ ቅርጽ ውስጥ መስመሩ ጥርት ያለ ጠርዝ አለው፤ በመዳብ ኅትመት ቀለሙ ከወረቀቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይታያል፣ የሰሌዳው ስርጉድ ምልክትም አለ። በእንጨት ኅትመት ምልክቱ የለም፤ መስመሩ ወደ ወረቀቱ ጥቂት ገባ ብሎ ይገኛል። በሃፍቶን ቅጂ መስመር የሚመስለው ነገር በተርታ የቆሙ ነጥቦች ሆኖ ይገለጣል፤ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ የወጣው ደግሞ የተረጨ ጠብታ ይመስላል። በእጅ ቀለም የተቀባ የዶሬ ሥዕል ሲቀርብ መጠርጠር ደግ ነው፤ በጥቁርና በነጭ የታሰበ ሥራ ነው፣ ቀለሙም ብዙውን ጊዜ የቅርብ ዘመን ነጋዴ ጭማሪ ነው።

ቅጂው ማስጌጫ ብቻ ከሆነ የፍሬሙ ነገር ብዙም አያሳስብም። እውነተኛ የጥንት ወረቀት ሲሆን ግን የሚገድሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ አሲድ፣ ብርሃንና እርጥበት። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ ወረቀት በጨርቅ ፋንታ ከእንጨት ዝቃጭ መሠራት በመጀመሩ የዚያ ዘመን ቅጠሎች ራሳቸው ይቢጫሉ፤ ከጀርባቸው ርካሽ ካርቶን ሲደረግ ደግሞ አሲዱ ወደ ሥዕሉ ይገባና በካርቶኑ ቅርጽ ቡናማ መስመር ይተዋል። ስለዚህ ከአሲድ ነጻ የሆነ ካርቶን በሥዕሉና በመስታወቱ መካከል ይገባል፤ ሥዕሉ መስታወቱን እንዳይነካ። በፕላስተር ወይም በማስቲሽ ማጣበቅ ፈጽሞ አይደረግም፤ በውኃ በሚለቅ የስታርች ሙጫና በስስ ወረቀት ማጠፊያ ከላይ ብቻ ይንጠለጠላል። ሙዚየሞች በወረቀት ላይ ላሉ ሥራዎች ብርሃኑን ወደ 50 ሉክስ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ለጥቂት ወራት ካሳዩዋቸው በኋላም ወደ መሳቢያ ይመልሷቸዋል። በቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ስለሚከብድ፣ ሥዕሉን የፀሐይ ጨረር ከሚመታው ግድግዳ፣ ከማድ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት እንፋሎት ማራቅ፣ የአልትራቫዮሌት ጨረር የሚያግድ መስታወትም መጠቀም የሚቻለው ጥበቃ ነው።